አንድ ጠርሙስ፣ አራት መድኃኒት

ባለፈው ክረምት አክስቴን ጉንፋን ጣላቸው። ስደውል ድምፃቸው ታፍኗል፣ በየቃሉ መሃል ይስላሉ። "እትዬ፣ መድኃኒት ወሰዱ?" አልኳቸው። "አዎ፣ ልጄ ከአሜሪካ ስትመጣ የተወችልኝን እየወሰድኩ ነው። ፓራሲታሞሌንም አልተውኩም" አሉኝ። አለመተዋቸው ራሳቸውን በደንብ እንደመንከባከብ ነበር የመሰላቸው።

ማታ ሄጄ ፓኬቱን ገልብጬ አየሁት። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የሦስት መድኃኒት ስም ተጽፏል። የመጀመሪያው "አሴታሚኖፈን 325 ሚሊግራም" ይላል። አክስቴ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ ሁለት ሁለት ፍሬ ይውጣሉ። በቀን 2600 ሚሊግራም ማለት ነው። በዚያ ላይ ለራስ ምታት የለመዱትን ባለ 500 ፓራሲታሞል ጠዋት፣ ቀንና ማታ ሁለት ሁለት ይወስዳሉ። ይሄ 3000 ነው። ድምሩ 5600 ሚሊግራም መጣ።

አሴታሚኖፈንና ፓራሲታሞል አንድ መድኃኒት ናቸው። አሜሪካኖች በአንዱ ስም ይጠሩታል፣ እኛና አውሮፓውያን በሌላው። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የመጨረሻው ጣሪያ 4000 ሚሊግራም ነው። ለከሳ ሰው፣ ጉበቱ ለታመመና መጠጥ ለሚያዘወትር ሐኪሞች ከዚያም ዝቅ ያደርጉታል። ጣሪያው ሲታለፍ የሚጎዳው ጉበት ነው። አስቸጋሪው ነገር መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማ መቻሉ ነው። ሰውዬው ደህና ነኝ እያለ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ደማቸው ታየ። አንድ ቀን ተኩል ብቻ ስለሆነ ጉበታቸው ደህና ነበር። የደም ግፊታቸው ግን ከወትሮው ከፍ ብሎ ተገኘ። ፓኬቱ ላይ ከተጻፉት ሦስት ስሞች አንዱ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይወስደው የሚከለከል ነው። ያንን ማስጠንቀቂያ ግን ማን አንብቦላቸው?

አክስቴ ምንም ጥፋት የለባቸውም። የተሰጣቸውን ወሰዱ፣ የሚያውቁትንም ወሰዱ። አንድ መድኃኒት የወሰዱ መስሏቸው ሦስት ወስደዋል። ከሦስቱ አንዱን ደግሞ በሌላ ስሙ እቤታቸው ያውቁታል። የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ ከዚህ ይነሳል።

ውስጡ ምን አለ?

የሳልና የጉንፋን ጥምር መድኃኒት የሚባለው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራትና አምስት መድኃኒት በአንድ ፍሬ ወይም በአንድ ማንኪያ ሽሮፕ አንድ ላይ የያዘ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል። ጉንፋን የያዘው ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፍንጫው ይዘጋል፣ ያስነጥሰዋል፣ ይስላል። ለእያንዳንዱ ሕመም ለየብቻ ከመግዛት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዋጥ አድርጎ መተኛት ለደከመው ሰው እፎይታ ነው። እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ።

ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፣ ለትኩሳትና ለሕመም። ለማስነጠስና ለንፍጥ ክሎርፌኒራሚን ወይም መሰሉ ይጨመራል። ይሄኛው እንቅልፍ ያመጣል። ማታ ላይ ጥሩ ነው፣ ጠዋት ሚኒባስ ይዞ ለሚወጣ ሹፌር ግን አደጋ ነው። የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው አባቶችም በዚህ መድኃኒት ሽንታቸው ሊቋጠር ይችላል። አንዳንድ አምራቾች እንቅልፉን ለማካካስ ካፌይን ይጨምሩበታል። የተዘጋ አፍንጫ ለመክፈት ፌኒሌፍሪን ወይም ሱዶኤፌድሪን ይገባል። ለደረቅ ሳል ዴክስትሮሜቶርፋን፣ አክታ ለማቅጠን ጓይፈነሲን።

የመጨረሻዎቹን ሁለት አንድ ላይ የያዙ ሽሮፖች በየቦታው አሉ። ነገሩ ሁሌም ግር ይለኛል። ጓይፈነሲን አክታውን አቅጥኖ በሳል እንዲወጣ ያግዛል ተብሎ የሚሰጥ ነው። ዴክስትሮሜቶርፋን ሳሉን ያፍናል። አክታው እንዲወጣ መንገዱን ጠርጎ በሩን መዝጋት ነው። አክታ ያለው ሳል ሥራ ላይ ነው፣ ሳንባን እያጸዳ ነው። እንቅልፍ የነሳ ደረቅ ሳል ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ከሁለቱ አንዱ ነው ያለው፣ ጠርሙሱ ግን ለሁለቱም ያዘጋጃል።

ዴክስትሮሜቶርፋን ላይ አንድ ልጨምር። ለድብርት ወይም ለጭንቀት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ከዚህ የሳል መድኃኒት ጋር ሲያጋጥመው አደገኛ መቀላቀል ሊፈጠር ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገር ያመጣል። በአገራችን ብዙ ሰው የድብርት መድኃኒት እንደሚወስድ ለማንም አይናገርም። ለፋርማሲስቱም አይናገርም። ስለዚህ ማንም አይጠይቀውም።

አፍንጫ የማይከፍተው የአፍንጫ መድኃኒት

የፌኒሌፍሪን ታሪክ በደንብ ሊነገር ይገባዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ በአሜሪካ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን ነበር። መድኃኒቱ ይሠራል። ችግሩ ሰዎች በብዛት እየገዙ ሜታምፌታሚን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ማብሰያ አደረጉት። በ2006 በወጣው ሕግ ሱዶኤፌድሪን ከመደርደሪያ ተነስቶ ከፋርማሲስቱ ጀርባ ሄደ። መታወቂያ ሳያሳዩና ስም ሳያስመዘግቡ መግዛት ቀረ። አምራቾቹ ገበያው እንዳያመልጣቸው ቀመሩን ቀየሩ። በሱዶኤፌድሪን ቦታ ፌኒሌፍሪን ገባ። እሱን ማንም ሰው ከመደርደሪያ አንስቶ መግዛት ይችላል።

ከዚያ በፊትም ሌላ ነበር። ፌኒልፕሮፓኖላሚን የተባለው መድኃኒት በ2000 ከገበያ እንዲወጣ የተጠየቀው አንጎል ውስጥ ደም ከመፍሰስ ጋር ተያይዞ ስለተገኘ ነው። እናም ፌኒሌፍሪን የቀረው አማራጭ ሆነ።

ነገር ግን በአፍ የሚዋጥ ፌኒሌፍሪን አይሠራም። አንጀትና ጉበት ውስጥ ሲያልፍ ይፈርሳል። ከዋጥነው ውስጥ ሳይፈርስ ደም ውስጥ የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አፍንጫ ጋ የሚደርስ የለም ማለት ይቀላል። ይህን አጥብቀው የተናገሩት የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ምሁራን ሌስሊ ሄንደለስና ራንዲ ሃተን ናቸው። በ2007 ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አቤት አሉ፣ በ2015 ደግመው አቤት አሉ። ጉዳዩ የባለሙያዎች ጉባኤ ፊት የቀረበው በመስከረም 2023 ነው። ድምፅ ተሰጠ። 16 ለ 0። በአፍ የሚወሰድ ፌኒሌፍሪን የተዘጋ አፍንጫ ለመክፈት አይሠራም ተባለ። በኅዳር 2024 አስተዳደሩ ከተፈቀዱ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ።

በ2022 ብቻ አሜሪካውያን ፌኒሌፍሪን ላለባቸው መድኃኒቶች 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተዋል። ከጉባኤው በኋላ ሲቪኤስ የተባለው ትልቅ የፋርማሲ ድርጅት ፌኒሌፍሪንን ብቻ የያዙትን ከመደርደሪያው አነሳ። ፌኒሌፍሪን ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለባቸው ግን ቀሩ። ይሄን ልብ በሉት። ብቻውን ሲሆን አለመሥራቱ ይታወቅበታል፣ ይነሳል። ከፓራሲታሞል ጋር ሲሆን ፓራሲታሞሉ ሕመሙን ያስታግሣል፣ ሰውየው "ተሻለኝ" ይላል፣ ምስጋናው ፍሬው ውስጥ ላሉት ሁሉ ይከፋፈላል። በጥምር መድኃኒት ውስጥ ሰነፍ በጎበዝ ጀርባ ይደበቃል።

እንዳንሳሳት፣ ውሳኔው መርዝ ነው አላለም። በአፍ ሲወሰድ ለአፍንጫ አይጠቅምም ነው ያለው። በአፍንጫ በሚነፋ ወይም በሚጨመር ጠብታ መልክ ሲሆን ቦታው ላይ በቀጥታ ስለሚደርስ ይሠራል። ጠብታ ግን ከጥቂት ቀን በላይ ሲቀጥል ይገለበጣል። አፍንጫው መድኃኒቱን ይለምድና ሲቆም መልሶ ይዘጋል። ሰውየው እንደገና ያደርጋል፣ እንደገና ይዘጋል። ለወራት ከዚህ አዙሪት ያልወጡ ሰዎች አውቃለሁ።

የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አስመጪዎችን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ፌኒሌፍሪን ያለበት ኪኒንና ሽሮፕ ለምን ይገባል? ሕዝባችን ለመድኃኒት የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ውጭ ምንዛሪውም ለስኳርና ለካንሰር መድኃኒት እንኳ አይበቃም።

ኮዴይንና የእኛ ደም

ከዚህ ሁሉ እኛን በቀጥታ የሚነካው ይሄኛው ነው።

ኮዴይን ለሕመምና ለከባድ ሳል የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ በሳል ሽሮፕ ውስጥም ይገኛል። ኮዴይን ራሱ ብዙ ኃይል የለውም። ጉበት ውስጥ ሲፒዋይ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል፣ የሚሠራው ያ ሞርፊን ነው። ኢንዛይሙን የሚያሠራው ጂን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ጂኑ አይሠራለትም፣ ኮዴይን ቢወስድም ባይወስድም ያው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጂኑ ተደራርቦ ሁለት ሦስት ቅጂ አለው። የእሱ ጉበት ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ብዙ ሞርፊን ይቀይራል። ለሌላው ልክ የሆነ መጠን ለእሱ ይበዛበታል። ሞርፊን ሲበዛ ትንፋሽ ይቀንሳል።

በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ በስዊድን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አወጡ። የ122 ኢትዮጵያውያንን ጂን መረመሩ። 29 ከመቶ የሚሆኑት ይህ የተደራረበ ጂን ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ከዚያ ወዲህ የኮዴይን አደጋ ሲነሳ ኢትዮጵያውያን በስም ይጠቀሳሉ። የአሜሪካ የኮዴይን ማስጠንቀቂያ ጽሑፎችም ይህን ይዘዋል።

ይህ ማለት ከሦስት ወይም ከአራት ኢትዮጵያዊ አንዱ ኮዴይንን ሐኪሙ ካሰበው በላይ ኃይለኛ አድርጎ ይቀበለዋል ማለት ነው። ማን እንደሆነ ከመልኩ አይታወቅም። ከቤተሰብ አንዱ ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል።

አውሮፓ በ2015 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሳል ኮዴይን እንዳይሰጥ ከለከለች። አሜሪካ በ2017 ለእነዚህ ልጆች ለሕመምም ለሳልም ከለከለች፣ የምታጠባ እናት እንዳትወስድም አስጠነቀቀች። በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል። በ2018 ደግሞ ኮዴይን ያለባቸው በሐኪም የሚታዘዙ የሳል መድኃኒቶች 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ።

እኔ ከዚህ ተነስቼ የምለው ይሄ ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ፣ ሐኪም ኮዴይን ያለበት ነገር ሲያዝላችሁ "እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፣ ይሄን በፍጥነት የሚቀይረው ጂን በእኛ ዘንድ ብዙ ነው፣ ሌላ አማራጭ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ አይከፋውም። የምታጠቡ እናቶች ደግሞ ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

ወደ ዐረብ አገር የምትሄዱ እህቶችና ወንድሞችም አንድ ነገር አለ። በሳዑዲ ዐረቢያና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ኮዴይን ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣና ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ መገኘቱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያስይዝ ይችላል። እናት "ብርድ እንዳይመታሽ" ብላ የከተተችው ሽሮፕ ልጅቷን ችግር ውስጥ ሊከታት ይችላል። ከመነሳት በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ወይም ማስነበብ ግድ ነው።

ልጆች

ልጅ ሲስል ሌሊት የማይተኛ ወላጅ የለም። ያን ጊዜ "የልጆች" የሚል ጽሑፍና የእንጆሪ ሥዕል ያለበት ጠርሙስ ማየት ያጽናናል።

ግን ጠርሙሱ በልጆች ላይ መሥራቱ አልተረጋገጠም። ጉዳቱ ግን ታይቷል። በጥር 2008 የአሜሪካ የመድኃኒት አስተዳደር ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች እንዳይሰጡ አሳሰበ። በዚያው ዓመት አምራቾቹ ራሳቸው "ከ4 ዓመት በታች አይሰጥ" ብለው መለያው ላይ ጻፉ። ህንድ በ2023 መጨረሻ ክሎርፌኒራሚንና ፌኒሌፍሪንን የያዘው ጥምር ከ4 ዓመት በታች እንዳይሰጥ መለያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘች። እኛ አገር የሚገባው መድኃኒት አንድ ትልቅ ክፍሉ ከህንድ ስለሚመጣ ይህ ማስጠንቀቂያ እኛንም ይመለከታል።

ከዚያ የከፋ ደግሞ ደረሰ። በ2022 በጋምቢያ ሕፃናት ሽንታቸው እየቆመ፣ ኩላሊታቸው እየደከመ መሞት ጀመሩ። በጥቅምት ወር የዓለም ጤና ድርጅት ከህንድ የመጡ አራት ሽሮፖችን ስም ጠርቶ አስጠነቀቀ። ውስጣቸው ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል ተገኘ። እነዚህ መኪና ራዲያተር ውስጥ በሚጨመር ፈሳሽና በፋብሪካ ሥራ የሚገቡ ኬሚካሎች ናቸው። 70 ያህል ሕፃናት ሞቱ። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ ከ200 በላይ፣ በኡዝቤኪስታን ከ60 በላይ ልጆች በተመሳሳይ መርዝ አለቁ። በጥቅምት 2025 በህንድ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት እንደገና ሆነ። ኮልድሪፍ የተባለው የሳል ሽሮፕ ውስጥ መርዙ 48.6 ከመቶ ሆኖ ተለካ። የተፈቀደው ከ0.1 ከመቶ አይበልጥም። ከ20 በላይ ሕፃናት ሞቱ።

እንዴት ይገባል? ሽሮፕ መድኃኒቱን የሚያሟማ ፈሳሽ ይፈልጋል። ትክክለኛዎቹ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ናቸው። ዳይኤቲሊን ግላይኮል ይመስላቸዋል፣ ይጣፍጣል፣ ይረክሳል። ከጥሬ ዕቃ አቅራቢው እስከ ፋብሪካው ባለው መንገድ አንድ ሰው ካጭበረበረና ፋብሪካው ሳይመረምር ከተቀበለ ነገሩ አለቀ። ይህ አዲስ ታሪክም አይደለም። በ1937 በአሜሪካ በዚሁ ኬሚካል የተሟማ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰው ገድሏል፣ ልጆችም ነበሩበት። አሜሪካ በማግስቱ ዓመት የመድኃኒት ሕጓን የለወጠችው በዚያ ምክንያት ነው።

ይህን የማነሳው ሽሮፕ ሁሉ መርዝ ነው ለማለት አይደለም። እነዚያ ልጆች አብዛኞቹ የነበረባቸው ተራ ጉንፋንና ትኩሳት ነው። ሽሮፑ ባይሰጣቸው አብዛኞቹ በራሳቸው ጊዜ ይድኑ ነበር። ለማይጠቅም ነገር አደጋ መግዛት ማለት እንዲህ ነው። ስለዚህ ሽሮፕ ከሱቅ፣ ከመንገድ ዳር፣ በሰው እጅ ከመጣ ሻንጣ አይገዛም። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ብቻ። ሽሮፕ ከጠጣ በኋላ ሽንቱ የቀነሰ ወይም የቆመ ልጅ ሰዓት ሳይባክን ሆስፒታል መሄድ አለበት፣ ጠርሙሱም አብሮ መሄድ አለበት።

መለኪያውም ነገር ነው። የቤት ማንኪያ መለኪያ አይደለም። የአንዱ ቤት የሻይ ማንኪያ ከሌላው ቤት ይበልጣል። ከጠርሙሱ ጋር የመጣው መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል።

ሳሉ ስንት ቀን ይቆያል?

ብዙ ሰው ሳል በሳምንት ይጠፋል ብሎ ይጠብቃል። ጥናቶች ሲሰበሰቡ ግን ከጉንፋን በኋላ ያለ ሳል በአማካይ 18 ቀን ገደማ ይቆያል። በዚህ ልዩነት መሃል ነው ጥምር መድኃኒቱም፣ ያለ ቦታው የሚወሰደው አንቲባዮቲክም የሚሸጠው። በስምንተኛው ቀን ሰው ይደነግጣል። "አልለቀቀኝም" ይላል። አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነ ብሎ አሞክሳሲሊን ይገዛል። የአክታ ቀለም ብቻውን ባክቴሪያ ነው አያሰኝም። ቫይረስም እንዲሁ ያደርገዋል።

ግን ሁሉም ሳል ጉንፋን አይደለም። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች መሃል ናት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የአክታ ምርመራ ይፈልጋል። በተለይ ማታ ማታ ላብ፣ መክሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ። ሳል የሚያፍን ሽሮፕ በዚህ ላይ ሲጨመር በሽታውን አያድንም፣ ምልክቱን ብቻ ይሸፍናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤት ያለው ሁሉ ይተነፍሰዋል።

ለሕፃናት ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያውቁት ቀላል ነገር አለ። ልጁ ተኝቶ ወይም ተረጋግቶ ሳለ ደረቱን አይታችሁ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ለሽሮፕ ጊዜ የለውም። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ማወቅ ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣል።

እናቶቻችን የሚያውቁት

ማር ይሠራል። ይሄን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። ልጆች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ማታ ከመተኛት በፊት የተሰጠ ማር የሌሊት ሳልን አስታግሷል። በብሪታንያ ናይስ የተባለው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2018 ለጉንፋን ሳል ማርን ከመጀመሪያዎቹ መፍትሔዎች አንዱ አድርጎ አቅርቧል። አንድ ነገር ብቻ፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም ሊያመጣበት ይችላል። "ትንሽ ባልሰው ምን ይለዋል" የሚሉ አያቶችን በፍቅር መከልከል ያስፈልጋል።

ዝንጅብል በሻይ፣ ትኩስ አጥሚት፣ የዶሮ ሾርባ፣ ብዙ ውኃ። ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፣ አክታን ያቀጥናሉ። ለተዘጋ የሕፃን አፍንጫ ንጹሕ የጨው ውኃ ጠብታ ይበቃል፣ ፋርማሲ ውስጥ በርካሽ ይገኛል። ለምች ዳማከሴ ጨምቆ መቀባትና ማሽተት ያደግንበት ነው። ከጉንፋን ኪኒን ጋር አላወዳድረውም፣ ብዙም ጉዳት አላየሁበትም።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በጋቢ ተሸፍኖ መታጠን በኮሮና ጊዜ በየቤቱ ነበር። ለአዋቂ ሰው ለጊዜው ቀለል ሊለው ይችላል። ልጅን ግን በፈላ ውኃ ላይ አታስጎንብሱ። በዚያ የተቃጠለ ፊት አይቻለሁ። እንጥል ማስቆረጥንም እዚሁ ላንሳው፣ ምክንያቱም ሳል የያዘውን ልጅ አሁንም የሚያስቆርጡ አሉ። ደም ያፈስሳል፣ ይመረቅዛል፣ ሳሉን አያድንም።

ፋርማሲ ስትሄዱ

ፋርማሲ ገብቶ "የጉንፋን መድኃኒት ስጡኝ" ማለት ቀርቶ ሕመሙን መናገር ይሻላል። "ራሴን ያመኛል፣ ሌላ የለኝም" ካሉ ፓራሲታሞል ብቻ ይበቃል፣ ዋጋውም ያንሳል። "ማታ ማታ ደረቅ ሳል ነው" ካሉ ለዚያ ብቻ። የደም ግፊት፣ የልብ፣ የግላኮማ፣ የፕሮስቴት፣ የድብርት መድኃኒት፣ እርግዝና ካለ ሳይጠየቁ መናገር። ጥምር መድኃኒት ከተሰጠ ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ "ውስጡ ፓራሲታሞል አለው?" ካለው፣ ቤት ያለው ፓራሲታሞል ይቁም።

ጥሩ ፋርማሲስቶች ይህን ሁሉ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ሰልፍ ሲበዛ ግን ጊዜ የላቸውም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ከኋላ የቆመው ሰው ይሰማል። አብዛኛው ፓኬት በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዱ በቱርክኛ ወይም በዐረብኛ ይመጣል። ደንበኛው የሚያነበው በላዩ በእስክሪብቶ የተጻፈውን "1×3" ብቻ ነው። እዚያው ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ "ፓራሲታሞል አለበት" የሚል ሁለት ቃል መጨመር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ግዴታ ቢሆን እላለሁ።

ውጭ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ሻንጣችሁን ስትሞሉ መድኃኒቱን ባትተዉ እንኳ ስሙን በአማርኛ ጻፉበት። ለማን፣ ለምን፣ በቀን ስንት፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድ። ዴይኩዊል የሚለው ስም ለአክስቴ ምንም አይነግራቸውም። ውስጡ ፓራሲታሞል፣ የሳል ማፈኛና ለአፍንጫ ተብሎ የሚጨመር ፌኒሌፍሪን እንዳለ ሲነገራቸው ግን ወዲያው ገባቸው።

አሁን አክስቴ ቤት መድኃኒት የሚቀመጥበት የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የልጅ ልጃቸው፣ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብራኝ ተቀምጣ ሁሉንም አወጣን። ጊዜያቸው ያለፈ ሰባት ፓኬት ለየን። በቀሩት ላይ ልጅቷ በወፍራም ማርከር በአማርኛ ጻፈች። ሦስቱ ላይ "ይሄም ፓራሲታሞል ነው" የሚል ተጽፏል።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወሉ። ጎረቤታቸው ሳል ይዟቸው መድኃኒት ሊጠይቁ መጥተዋል። "እትዬ፣ ሰጧቸው?" አልኩ።

"ግፊት አለባቸው። ማር ሰጠኋቸው፣ ሳሉ ስንት ቀን እንደሆነም ጠየቅኳቸው" አሉኝ። "ሦስት ሳምንት አልፎታል አሉ። ነገ ጤና ጣቢያ አብሬያቸው እሄዳለሁ።"